ነጻው የበይነ መረብ ትምህርት ገጠር ክፍል እንዲደርስ

በ2016 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 5 ነጥብ 4 በመቶ ብቻ ናቸው። ቤተ ሙከራ አይቶ የማያውቀው የገጠር ተማሪም የተመዘነው ከከተማው እኩል ነው።

ክፍተቱን ለማጥበብ በነጻ የሚገኙ የበይነ መረብ ትምህርቶች በአማራጭነት ይነሳሉ። በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው «ፌት» ለምሳሌ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ሙከራዎችን በኮምፒውተር ያለ ክፍያ ያሳያል። ነገር ግን ትምህርቱ ነጻ ቢሆንም ዳታው ነጻ አይደለም። ይህን ወጪ የማዳበሪያ ዋጋ በከበደው አርሶ አደር ላይ መጨመር ፍትሐዊ አይሆንም።

የተሻለው መንገድ ኢንተርኔት ባለበት ከተማ አንድ ጊዜ አውርዶ በትምህርት ቤቱ ደጋግሞ መጠቀም ነው። የ«ፌት» ሙከራዎች ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። «ኮሊብሪ» የተሰኘው ነጻ ሶፍትዌርም በአንድ ኮምፒውተር የተጫነን ትምህርት ለክፍሉ ያዳርሳል፤ መብራት ካለ ማለት ነው።

ከባዱ ሥራ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ቪዲዮ ከፍቶ መቀመጥ ማስተማር አይደለም። መምህሩ ከመጽሐፉ ምዕራፍ ጋር የሚገጥመውን መምረጥ፣ ጥቂት አሳይቶ ማቆም፣ መጠየቅ፣ ተማሪውን የሚያደናግረውን እንግሊዝኛ ማፍታታት ይኖርበታል። ለዚህ ዝግጅት በትምህርት ቤቱ መርሐ ግብር ሰዓት ካልተያዘ፣ የወረደው ሁሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ እንደተቀመጠ ዓመቱ ያልቃል።