የማዳም ልጅ ድሮን እና የደማም በረራሽ

እንበል፣ ኹሩጅሽ ወጥቷል፣ ሻንጣሽ ተመዝኗል፣ ደማም ኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ ቁጭ ብለሽ ወደ አገር ቤት የሚወስድሽን አውሮፕላን ትጠብቂያለሽ። ድንገት ሰሌዳው ላይ በረራሽ «ዘግይቷል» የሚል ይወጣል። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ያልፋል፤ ምክንያቱን የሚነግርሽ የለም። በረራ በብዙ ምክንያት ይዘገያል፤ በአቧራ፣ በጭጋግ፣ በብልሽት። ባለፉት አስር ዓመታት ግን በዓለም አየር ማረፊያዎች አንድ ሌላ ምክንያት ተጨምሯል፤ ከሱቅ የተገዛ ትንሽ ድሮን።

«ድሮን» ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የአገር ቤቱ ጦርነት ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ሌላኛው ነው፤ የማዳም ልጅ ለልደቱ ስለሚሰጠው፣ ሰርግ ስለሚቀረጽበት፣ ሰው ለጨዋታ ስለሚያስነሳው። ጉዳዩ አንቺን በሁለት በኩል ይነካሻል። አንደኛ፣ የምትሳፈሪበት አውሮፕላን ደህንነት ነው። ሁለተኛ፣ ያንቺ ያልሆነ ዕቃ እጅሽ ላይ ተገኝቶ ተጠያቂ እንዳትሆኚ ነው።

ትንሿ ድሮን ትልቁን አየር ማረፊያ ስትዘጋ

(ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በዲሴምበር 2018 ለንደን አጠገብ ያለው ጋትዊክ አየር ማረፊያ ድሮን ታየ በመባሉ ሥራው ተቋረጠ። 1,000 ገደማ በረራዎች ተሰረዙ ወይም ወደ ሌላ ቦታ ዞሩ። 140,000 የሚሆን መንገደኛ በገና ሰሞን መንገድ ላይ ቀረ። ከእኛ ቅርብ ደግሞ ዱባይ አለች። በጁን 2016 አየር ማረፊያዋ በድሮን ምክንያት ለ69 ደቂቃ ተዘግቷል፤ በፌብሩዋሪ 2019ም ለግማሽ ሰዓት ያህል አውሮፕላን እንዳይነሳ ተደርጓል። በሴፕቴምበር 2025 ኮፐንሃገንና ኦስሎ በአንድ ምሽት ለሰዓታት ተዘግተው ነበር።

«ለዚች ለምታክል ነገር?» ትዪ ይሆናል። መልሱን ከአገራችን ታሪክ እናገኘዋለን። በሴፕቴምበር 15 ቀን 1988 ከባህር ዳር ወደ አስመራ የተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ገና ከመሬት ሲለቅ የእርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገባ። አብራሪዎቹ ሊመለሱ ቢሞክሩም አውሮፕላኑ በሆዱ አርፎ ተቃጠለ። ከነበሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። እርግብ ናት ይህን ያደረገችው። አውሮፕላን ሲነሳና ሲያርፍ ከፍታው ትንሽ ስለሆነ፣ አንድ ነገር ቢበላሽ አብራሪው የሚያስብበት ጊዜም የሚዞርበት ቦታም የለውም።

እርግብ ሥጋና ላባ ናት። ድሮን ደግሞ ባትሪ፣ ሞተርና ካሜራ አለው፤ ጠጣር ነው። በ2018 በአሜሪካ የዴይተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ኪሎ ገደማ የሚመዝን ድሮን በአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ክንፍ ላይ ተኩሰው ሲሞክሩ፣ ድሮኑ የክንፉን ፊት በስቶ ውስጥ ገባ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ሎስ አንጀለስ ሲቃጠል፣ እሳት የሚያጠፋ አውሮፕላን ከአንድ የግል ድሮን ጋር ተጋጭቶ ክንፉ ተበሳ። በዚያ ቀውጢ ሰዓት አውሮፕላኑ ከሥራ ወጣ።

ሳናጋንን እንናገር፤ እስካሁን ትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላን በሱቅ ድሮን ተመትቶ የወደቀበት አጋጣሚ አልተመዘገበም። ስለዚህ ስትሳፈሪ በፍርሃት መንቀጥቀጥ የለብሽም። አልተመዘገበም የምንለው ግን እነዚያ ሁሉ አየር ማረፊያዎች ድሮን ሲታይ ስለሚዘጉም ጭምር ነው። መዘግየቱ ያበሳጫል፤ ግን ላንቺው ነው።

ምሥራቁ ክፍለ ሀገር ለምን ይለያል?

ኪንግ ፋህድ በ1999 መጨረሻ ለመንገደኞች የተከፈተ፣ ከደማም ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቅ አየር ማረፊያ ነው። ግቢው 776 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ከተማ ይሰፋል። «ይህን ያህል በረሃ ካለው ድሮን የት ይደርስበታል?» እንዳትዪ። ለማረፍ የሚወርድ አውሮፕላን ከማኮብኮቢያው 10 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ከፍታው 500 ሜትር አካባቢ ነው፤ 5 ኪሎ ሜትር ሲቀረው 260 ሜትር ይሆናል። ብዙዎቹ የሱቅ ድሮኖች ደግሞ 500 ሜትር መውጣት ይችላሉ። አጥር ሰማዩን አያጥርም።

ኮበር ያላችሁ እህቶች «እኛ ከአየር ማረፊያው ሩቅ ነን» ትሉ ይሆናል። ግን የድሮው የዳህራን አየር ማረፊያ አጠገባችሁ ነው፤ ዛሬ የጦር አየር ኃይል ሰፈር ሆኗል። የአራምኮ ዋና መሥሪያ ቤትም ዳህራን ነው። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ድሮን ለማስነሳት «ችግር የለውም» የሚባል ሰማይ ብዙ የለም።

ከዚህ በላይ ግን ያለፈው ታሪክ አለ። በሴፕቴምበር 14 ቀን 2019 አብቀይቅና ኹረይስ ያሉት የአራምኮ ተቋማት በድሮንና በሚሳኤል ተመቱ፤ የሳውዲ የነዳጅ ምርት ግማሹ ያህል ለጊዜው ቆመ። በማርች 2021 ራስ ተኑራና ዳህራን ላይ ጥቃት ተሞከረ። በሴፕቴምበር 2021 ደማም ሰማይ ላይ የተመታ ሚሳኤል ስብርባሪ ወድቆ ሁለት ልጆችን አቆሰለ፣ 14 ቤቶችን ጎዳ። በደቡብ በኩል ያለው የአብሃ አየር ማረፊያም በተደጋጋሚ ተጠቅቷል፤ በፌብሩዋሪ 2022 ተመትቶ የወደቀ ድሮን ስብርባሪ ብቻ 12 ሰው አቁስሏል።

አሁን ራስሽን በጥበቃው ቦታ አስቀምጪ። ማታ ነው፤ አንድ ትንሽ ነገር ወደ አየር ማረፊያው ሲበር ያያል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ መጫወቻ ይሁን፣ ፈንጂ የያዘ ይሁን በምን ያውቃል? እስኪጣራ ድረስ እንደ ጠላት ነው የሚያየው። በኤፕሪል 2018 ሪያድ ኹዛማ ሰፈር የሆነው ይኸው ነው። አንድ መጫወቻ ድሮን በጥበቃዎች ተኩስ ተመትቶ ወደቀ፤ የተኩሱ ቪዲዮ በዓለም ሁሉ ሲዞር ብዙ ሰው ሌላ ነገር የተፈጠረ መሰለው። ዛሬ በሳውዲ ድሮን ለማስገባትም ሆነ ለማስነሳት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጉዳዩን የሚመራው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን፣ በእነሱ አጠራር «ጋካ» ነው።

ጣጣው ማን ላይ ይወድቃል?

ወደ ጋትዊክ እንመለስ። ፖሊስ አንድ ባልና ሚስት ያዘ፤ 36 ሰዓት ካሰራቸው በኋላ ንጹሕ ሆነው ተገኙና ለቀቃቸው። እስከዚያ ድረስ ግን ስማቸውና ፎቷቸው ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ነበር። ኋላ ላይ የጠበቃ ወጪን ጨምሮ በጠቅላላው 200,000 ፓውንድ ገደማ ተከፈላቸው። እውነተኛው አጥፊ እስከ ዛሬ ለፍርድ አልቀረበም። እነዚህ ሰዎች በገዛ አገራቸው፣ በገዛ ቋንቋቸው የሚናገሩ፣ ጠበቃ የሚያቆሙ ናቸው። አንቺ ደግሞ ኢቃማሽ በከፊልሽ ስም የተያዘ፣ አረብኛሽ ከወጥ ቤት የማያልፍ ሊሆን ይችላል። ድሮኑን የያዘው እጅ ያንቺ ከሆነ «ልጁ ነው የሰጠኝ» ብሎ ማስረዳት ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ይህን ያዢ፦

ልጁ «ያዢልኝ፣ ጣሪያ ላይ አስነሺልኝ» ቢልሽ አትያዢ፣ መቆጣጠሪያውንም አትንኪ። ለልጁ ሳይሆን ለማዳም ንገሪያት፤ «አና አኻፍ፣ ሃዳ ላዚም ተስሪህ» በያት፤ እፈራለሁ፣ ይሄ ፈቃድ ይፈልጋል ማለት ነው። ድሮን ማስነሳት የቤት ሥራ አይደለም።

በስልክሽ አፕ አትተማመኚ። ዲጄአይ የተባለው ትልቁ አምራች በጃንዋሪ 2025 አሜሪካ ውስጥ በአየር ማረፊያ አካባቢ ድሮኑን በራሱ የሚያግደውን አሠራር አንስቶ በማስጠንቀቂያ ተክቶታል። ድሮኑ ስለተነሳ ብቻ ተፈቅዷል ማለት አይደለም።

ስጦታ ብለው ድሮን ቢሰጡሽ አመስግነሽ አስቢበት። ኢትዮጵያ ለማስገባት የኢንሳ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃድ ከሌለሽ ቦሌ ጉምሩክ ላይ ይያዝብሻል። ለወንድምሽ ገንዘቡን ብትልኪለት ይሻላል። የሰው ዕቃ ደግሞ፣ የአገር ልጅም ቢሆን፣ ሳትከፍቺ በሻንጣሽ አትውሰጂ። መለዋወጫ የሊትየም ባትሪና ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀድም።

ድሮን ወይም የወደቀ ስብርባሪ ብታዪ አትንኪ፣ ቀርጸሽም ቲክቶክ ላይ አትልቀቂ። ለቤቱ ሰዎች ንገሪ፤ ማንም ከሌለ በምሥራቁ ክፍለ ሀገር የድንገተኛ ስልክ 911 ነው። የሰው ግቢ በድሮንም ሆነ በስልክ መቅረጽም ሌላ ጣጣ አለው፤ በ2007 የወጣው የሳውዲ የሳይበር ወንጀል ሕግ በካሜራ የሰውን የግል ሕይወት መድፈር እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ሪያል ቅጣት ያስከትላል ይላል።

ፖሊስ ቢጠይቅሽ አትሩጪ፣ ያልገባሽ ወረቀት ላይ አትፈርሚ። «ሃዳ ሙ ሊ» (ይሄ የኔ አይደለም)፣ «አብጋ ሙተርጂም አምሃሪ» (አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ) በዪ። ሪያድ ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ እንዲያውቅልሽ ጠይቂ። ስልክ ቁጥሩን ዛሬውኑ ወረቀት ላይ ጻፊው፤ ስልክሽ ሊወሰድ ይችላልና።

በረራሽ ከዘገየ ደግሞ ከመሳፈሪያው በር አትራቂ፣ ቲኬትሽንና የመሳፈሪያ ካርድሽን አትጣዪ። የአየር መንገዱን ሠራተኛ ምግብና ውሃ፣ ሌሊት ከሆነም ማደሪያ ጠይቂ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ኹሩጅ ከወጣ በኋላ ለመውጣት እስከ 60 ቀን አለሽ፤ የጥቂት ሰዓት መዘግየት አያበላሸውም። ግን ትኬትሽን ለመጨረሻው ቀን አታስቆርጪ፤ ሰማዩ የሚዘጋበትን ቀን ማንም አስቀድሞ አይነግርሽም።

ለቤተሰብም ደውዪና «ዘግይቷል፣ ደህና ነኝ» በዪ። እናትሽ ቦሌ በር ላይ ቆማ የምትጠብቀው አንቺን ነው፤ ሁለት ሰዓት ዘግይተሽም ቢሆን በሰላም መግባትሽን።