ድምፁ ስለ ጠፋው የሠርግ ፊልም

በዚህ ሳምንት የምንጽፈው በጉርድ ሾላ በአንድ ወዳጃችን ቤት ያየነውን ነው። የቤቱ ጌታ ካረፉ ገና ኹለት ወር አልሞላቸውም። ባለቤታቸውም ሴት ልጃቸውን በዳሩ ጊዜ ባላቸው የመረቁበትን ፊልም ለማየት ፈለጉ። የልጅ ልጃቸው ከፍላሽ ወደ ስልኩ ገልብጦ ቢያሳያቸው ሥዕሉ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ድምፅ ግን ፈጽሞ የለም። ወይዘሮይቱም «አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለኹ፤ ድምፃቸውን ምን ወሰደው?» ብለው ጠየቁን።

ልጁ ፊልም ወደሚጫንበት ሱቅ ወስዶት ኖሮ ከመጀመሪያውም ድምፅ አልተቀረጸበትም ብለውታል። በስልኩም ስፍራ ጠቦት፥ ፍላሹንም ለሌላ ነገር ፈልጎት ነበርና ፊልሙን ከኹለቱም ሊያጠፋው አስቦ ነበር። እኛ ባንደርስ ኖሮ ያጠፋው ነበር።

ነገሩን ስንመረምረው ድምፁ አልጠፋም፤ የሚያነበው አጣ እንጂ። ፊልም እንዳለ ቢቀመጥ እጅግ ብዙ ስፍራ ስለሚፈጅ በልዩ አጻጻፍ አሳጥረው ያኖሩታል፤ በሚታይበትም ጊዜ መልሰው ይዘረዝሩታል። ይህን የሚያደርገው ፕሮግራም ኮዴክ ይባላል። እኛም በችሎት የምስክር ቃል ስንቀበል እጃችን እንዲደርስ ቃሉን እያሳጠርን እንጽፋለን፤ አጻጻፋችንን የማያውቅ ሰው ወረቀቱን ቢያነሣው ምንም አያነብም፤ ነገር ግን ምስክሩ አልተናገረም ማለት አይደለም። በአንድ ፊልም ውስጥ ደግሞ ለሥዕሉ አንድ፥ ለድምፁ ሌላ ኮዴክ ያስፈልጋል። የአንዱ ተገኝቶ የሌላው ሲታጣ ፊልሙ ዲዳ ይኾናል።

ይህ ፊልም የተነሣው ሶኒና ፓናሶኒክ በፈረንጅ አቈጣጠር በ2006 ባወጡት ኤቪሲኤችዲ በሚባለው ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ሥዕሉ በኤች 264፥ ድምፁ ብዙውን ጊዜ የዶልቢ በኾነው በኤሲ3 ይጻፋል። ኤች 264ን የዛሬ ስልክ ኹሉ ያነበዋል ማለት ይቻላል። ኤሲ3 ግን የባለመብቱን ፈቃድ የሚጠይቅ ስለ ነበረ፥ አንዳንድ ማጫወቻ ሠሪዎች ከፕሮግራማቸው አውጥተውት ባለስልኩ ራሱ ከውጭ አምጥቶ እንዲጨምር በር ትተውለታል። ኤምኤክስ ፕሌየር ከነዚህ አንዱ ነው።

ከውጭ ኮዴክ የሚያስገባ ሰው አስቀድሞ በማጫወቻው ማስተካከያ ውስጥ ዲኮደር የሚለውን ክፍል እስከ መጨረሻው ይመልከት፤ ለስልኩ ፕሮሰሰር የሚስማማው ዓይነት በዚያ ተጽፎ ይገኛል። ዓይነቱና የማጫወቻው ቍጥር ካልገጠመ አይቀበለውም። ከገጠመ ፋይሉን በዚያው ክፍል ማመልከት ብቻ ነው፤ ማጫወቻው ተዘግቶ ሲከፈት ይሠራል።

በኮምፒዩተር ኬ-ላይት የሚባለውን የኮዴክ ጥቅል የሚጭኑ ብዙዎች ናቸው፤ ይህ መልካም ነው፤ ኹለት ሦስት ዓይነት ጥቅል መደራረብ ግን እርስ በርሱ ያጋጫል። እንዲህ ያለውን ድካም ለማይወድ ቪኤልሲ አለለት። የፓሪስ ኤኮል ሳንትራል ተማሪዎች በ1996 ጀምረውት በ2001 ለዓለም በነጻ የተለቀቀ ነው። አብዛኞቹን ኮዴኮች በውስጡ ይዞ ስለሚኖር ከውጭ አይለምንም፤ ቢያመጡለትም አይቀበል። እኛም ድምፁ በፊልሙ ውስጥ መኖሩን መጀመሪያ ያረጋገጥነው በዚሁ ነው። ነገር ግን ወይዘሮይቱ የለመዱት የስልኩን ማጫወቻ ስለ ኾነ፥ ለእርሱ ኮዴኩን ፈለግንለት።

ፍለጋውን ለልጁ ብቻ አልተውንለትም። ፊልም ለማየት ይህን ኮዴክ ጫኑ እያለ የሚያባብል ኹሉ ኮዴክ አይደለም፤ በ2006 ዝሎብ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ኮዴክ መስሎ በብዙ ሰዎች ኮምፒዩተር ገብቷል። ያልጠየቅነው ማስታወቂያ የሚያቀርበውን አለመንካት ይሻላል።

ኮዴኩ ገብቶ ፊልሙ ሲከፈት አስቀድሞ የሰማነው የሽማግሌውን ሳል ነው፤ ጕሮሯቸውን ጠርገው ምርቃቱን ጀመሩ። ወይዘሮይቱ ሦስት ጊዜ አስደገሙት። ልጁም በዚያው ማታ በሌላ ፍላሽ ገለበጠው፤ እርሳቸውም አንዱን ከጋብቻ ውላቸው ጋር በሣጥናቸው ቈለፉበት።