ብዥ ያለ ጎጃም ወይስ ጥርት ያለ ባዕድ አገር?

ሰሞኑን ካስተማርኳቸው ልጆች ሁለት ሦስቱ በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ቲቸር፣ ሲሙሌተር ላይ ፕሮግራሙ ራሱ የሚሠራውን መሬት ልጠቀም ወይስ የሳተላይት ፎቶ ልጫንበት?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ ሐሳቤን እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። ጨዋታ ነው ብላችሁ አትለፉት። ልጆቻችን አገራቸውን ከላይ ሲያዩ ምን ያያሉ የሚል ጥያቄ ነው።

ለማያውቁት፦ የበረራ ሲሙሌተር ማለት ኮምፒውተር ላይ አውሮፕላን ማብረር የሚያለማምድ ፕሮግራም ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪ የሚያሠለጥንባቸው ግዙፍ ማሽኖች አሉት፤ እኔ የማወራው ግን ላፕቶፕ ላይ ስለሚጫኑት ነው፦ ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር፣ ኤክስ-ፕሌን፣ በነፃ የሚገኘው ፍላይትጊር።

ተራራና ሸለቆው በሁለቱም ምርጫ ያው ነው። ቅርጹ የሚመጣው ከከፍታ ልኬት ነው። ከልኬቶቹ ሁሉ የታወቀው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 ኤንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር በ11 ቀን በረራ የወሰደችው ነው። ስለዚህ ጮቄም ጮቄ ነው፣ የዓባይ በረሃም ያው ገደሉ ነው። ልዩነቱ ያለው ልብሱ ላይ ነው።

ፕሮግራሙ ራሱ ሲያለብሰው «ይሄ እርሻ፣ ይሄ ጫካ፣ ይሄ ከተማ» የሚል ዝርዝር ይዞ ነው። እርሻ ለተባለው የእርሻ ሥዕል ያነጥፋል፣ ከተማ ለተባለው ቤት ይደረድራል። ጥቅሙን አልክድም። ኔት አይፈልግም፣ አሮጌ ላፕቶፕም ይችለዋል፣ ዝቅ ብላችሁ ብትበሩ ዛፉም ቤቱም ቆሞ ይታያል። ግን የእርሻው ሥዕል የማን እርሻ ነው? ብዙ ጊዜ የአውሮፓ ወይም የአሜሪካ ነው። የኛ ገበሬ ማሳ እኮ ትንንሽ ቁራጭ ነው፤ ዳሩ ላይ ባሕር ዛፍ፣ መሐሉ ላይ ጎጆ። ይሄ ሁሉ ይጠፋና ፍኖተ ሰላም ላይ ሆናችሁ የማታውቁት አገር ታያላችሁ። ያውም ጥርት ብሎ።

ደግሞ የሚሳሳተው በኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የማይክሮሶፍቱ ሲሙሌተር ፎቶውንና ፈጠራውን አንድ ላይ አድርጎ፣ ከሳተላይት ፎቶ ተነሥቶ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ሕንፃ በኮምፒውተር አቆመ። ምን ሆነ? የለንደኑ ባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ተራ የቢሮ ሕንፃ መስሎ ቁጭ አለ። የንግሥቲቱን ቤት ያልለየ ኮምፒውተር፣ በጥድና በወይራ ደን መሐል ያለን ክብ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ይለያል? ለሱ ዛፍ ነው፣ ቆርቆሮ ነው፣ በቃ።

ወደ ፎቶው ስንመጣ ግን ያ ደን አለ። ጎጃምን ከላይ ያየ ሰው ያውቃል፤ በእርሻ መሐል ጥቁር አረንጓዴ ክብ ካየህ እዚያ ታቦት አለ። ቆጋም አለ። የመራዊው ግድብ የተሠራው ከዚያ ከ2000ው ልኬት በኋላ ስለሆነ ልኬቱ ላይ ውሃ የለም፣ ሸለቆ ብቻ ነው። ፎቶው ላይ ግን ሐይቁም፣ በበጋ አረንጓዴ የሚሆነው የመስኖ መሬትም ይታያል።

ፎቶውም ቢሆን ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ ጠፍጣፋ ነው፤ ዝቅ ስትሉ ቤቱ መሬት ላይ የተቀባ ይሆናል። ለኤክስ-ፕሌን ፎቶ የሚያዘጋጀው ኦርቶፎርኤክስፒ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። እሱ ላይ በደረጃ 16 አንድ ነጥብ ወደ 2.4 ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ጎጆ ሁለት ሦስት ነጥብ ሆነች ማለት ነው። ደረጃውን በአንድ ከፍ ባደረጋችሁ ቁጥር የፋይሉ መጠን አራት እጥፍ ይሆናል። የኛን ኔት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሁለተኛ፣ ፎቶ ወቅት አይቀይርም። ክረምት ላይ ሰማዩ ደመና ስለሆነ የኛ አካባቢ ፎቶ አብዛኛው የበጋ ነው። ጥቅምት ላይ ኑጉ ሲያብብ ቢጫ የሚሆነው ጎጃም የለም፤ ዓመቱን ሙሉ የካቲት ነው።

እንግዲህ የትኛው? የኔ መልስ፦ ለኛ አገር ፎቶውን ምረጡ። ብዥ ያለ እውነት፣ ጥርት ካለ ውሸት ይሻላል። ጂኦግራፊ የሚማር ልጅ መንገዱን ተከትሎ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም፣ ከፍኖተ ሰላም ጅጋ፣ ከዚያ ደምበጫ መድረስ አለበት፤ ሰው የፈጠረለት እርሻ ላይ ይሄን አይማርም። ከመሬት ሁለት ሦስት ሺህ ጫማ ከፍ ብላችሁ ብረሩ፣ ብዥታው አያስቸግርም። ዓለምን በሙሉ ማውረድም አያስፈልግም። ፕሮግራሙ መሬቱን በዲግሪ ነው የሚቆርጠው፤ ከሰሜን 10 እስከ 11፣ ከምሥራቅ 37 እስከ 38 ያለው አንድ ካሬ ቡሬን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ደምበጫን፣ ደብረ ማርቆስንና ጮቄን ይዟል። ቆጋን የፈለገ ከሱ በላይ ያለውን ይጨምር። አንዱ ኔት ያለበት ቦታ ያውርድና በፍላሽ ተቀባበሉ።

ግን ፎቶ መጨረሻው ነው አልልም። ያው የማይክሮሶፍቱ ሲሙሌተር ሜልቦርን ዳር ባለ የመኖሪያ ሰፈር ላይ ባለ 212 ፎቅ ሕንፃ አቁሞ ዓለምን አሳቀ። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? አንድ ሰው ኦፕንስትሪትማፕ የተባለው፣ ማንም የሚያርመው ካርታ ላይ 2 ብሎ መጻፍ ሲገባው 212 ብሎ ጻፈ። ሰው ሁሉ ይሄን አንብቦ ሳቀ፣ እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የታየኝ። አንድ ሰው የጻፈው ስሕተት እዚያ ከደረሰ፣ አንድ የጅጋ ልጅ የጻፈው እውነትም ይደርሳል። ኤክስ-ፕሌንም መንገዱን የሚወስደው ከዚሁ ካርታ ነው።

ስለዚህ ልጆች፣ አሁን ፎቶውን ጫኑ። ጎን ለጎን ግን የምታውቁትን መንገድ፣ ወንዝ፣ ድልድይ፣ ቤተ ክርስቲያንና ደኑን ካርታው ላይ አስገቡ፤ ለዚህ ስልክም ይበቃል። እኛ ካልሞላነው ኮምፒውተሩ ክፍተቱን በራሱ ግምት ይሞላዋል፤ ግምቱ ደግሞ ቆጋን አያውቅም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? የሞከራችሁ ካላችሁ የሰፈራችሁን ፎቶ ከሲሙሌተሩ አንሥታችሁ ከታች ለጥፉልን፣ እንየው።