ሻርፕ ያሰረ ሁሉ ስካውት አይደለም

የወጣቶች ሥልጠና ዜና በዚህ አገር አንድ ቅርጽ አለው። የዞን ከተማ አዳራሽ፣ ከኋላ ባነር፣ ከፊት በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውኃ፣ የክብር እንግዳ፣ ከዚያም «ለሦስት ቀናት ሲሰጥ የቆየው ሥልጠና ተጠናቀቀ» የሚል ዓረፍተ ነገር። ቀጥሎ ቁጥር ይመጣል፤ ይህን ያህል መሪ ሠለጠነ፣ ይህን ያህል አባል ተመዘገበ፣ በመጪው ዓመት ይህን ያህል ለማድረስ ታቅዷል። ስካውት ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ የሚገባው በዚህ በር ከሆነ ባይገባ ይሻላል።

ይህ በስካውት ላይ የተሰነዘረ ጥላቻ አይደለም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። እነዚህ ሁለት ከተሞች ስካውት የሚባለውን ነገር እንደነሱ የሚፈልግ ከተማ በቀላሉ አይገኝም። ችግሩ ወረቀቱ ላይ ያለው ስካውትና ልጁ የሚያገኘው ስካውት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው።

ነገሩ ሲጀመር ትንሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 ባደን ፓወል የተባለው የእንግሊዝ ጦር መኮንን ብራውንሲ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ካምፕ ሲያቋቁም ይዞ የሄደው ሃያ ያህል ልጆችን ነው። ዋናው ብልሃት ድንኳኑም ቋጠሮውም አልነበረም። ግማሾቹ የሀብታም ትምህርት ቤት ልጆች፣ ግማሾቹ የሠራተኛ ልጆች ነበሩ። በአራት ቡድን ከፈላቸው፤ ለእያንዳንዱ ቡድን ከመካከላቸው አንድ አለቃ ሰጠ፤ አብረው አበሰሉ፣ አብረው ተኙ። ዓለም አቀፉ ንቅናቄ የቆመው በዚህ ላይ ነው፦ ከስድስት እስከ ስምንት ልጅ ያለበት ትንሽ ቡድን፣ ከራሳቸው የወጣ አለቃ፣ ከጀርባ ደግሞ የሚያውቃቸው አንድ ትልቅ ሰው። (ለዚህች ቡድን «ጓድ» የሚለው ቃል እንዴት በገጠመ፤ ግን ቃሉን ደርግ ወስዶ አበላሽቶታል።)

እንግዲህ ይህን ወደ ወልቂጤ ማምጣት ነው። በሰኔ 2010 በዚያች ከተማ በጉራጌና በቀቤና ወጣቶች መካከል ግጭት ተነሥቶ ሰው ሞቷል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እዚያው ሄደው ነዋሪውን ማነጋገር ግድ ሆኖባቸው ነበር። ወራት ሳይቆይ በቡታጅራ ዙሪያ የመስቃንና የማረቆ ግጭት ተቀሰቀሰ፤ እየበረደ እየተነሣም ዓመታት ቆየ። በ2015 ማብቂያ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት አስተዳደሩም አብሮ ተሸነሸነ። ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆኑ፤ ቀቤናና ማረቆ ልዩ ወረዳ ሆኑ። መዋቅሩ ትክክል ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ልጆቹ ግን ያው አንድ ገበያ የሚውሉ፣ አንድ መናኸሪያ የሚሳፈሩ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ክፍል የሚማሩ ልጆች ናቸው። በእነዚህ ዓመታት አንድ ላይ የጠራቸው ማን ነው? የፖለቲካ ጥሪ ጠርቷቸዋል፤ ሊግና ፌዴሬሽን ጠርቷቸዋል፤ የክረምት በጎ ፈቃድ ዘመቻ ጠርቷቸዋል። ሁሉም የጠራው ብዛታቸውን ፈልጎ ነው። ሰባት ሆናችሁ፣ ሁለቱ ቀቤና፣ ሦስቱ ከቸሃና ከእዣ፣ ሁለቱ ከሌላ አገር ከመጣ ቤተሰብ፣ ለሦስት ዓመት በየሳምንቱ ተገናኙ ያላቸው የለም። የብራውንሲ ብልሃት ለእነሱ የተፈጠረ ይመስላል።

ይህ እንዲሆን የሚያስፈልገው ደግሞ አባል አይደለም፤ መሪ ነው። ነገሩ ሁሉ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

የስካውት መሪ ሥልጠና መቶ ዓመት ያለፈው ሥርዓት አለው። እ.ኤ.አ. በ1919 ለንደን አጠገብ ጊልዌል ፓርክ በሚባል ቦታ የተጀመረው «ውድ ባጅ» ዛሬም በመላው ዓለም የመሪዎች መለኪያ ነው። ምልክቱ በቆዳ ክር የተሰኩ ሁለት የእንጨት ዶቃዎች ናቸው። ካምፑ ሲያልቅ ግን ዶቃ አይታደልም። ሠልጣኙ ወደ ራሱ ልጆች ተመልሶ፣ የበለጠ ልምድ ያለው ሰው እየተከታተለው፣ የተማረውን ለወራት ሲሠራ ይታያል፤ ዶቃው ከዚያ በኋላ ነው። ልጆች የሌሉት ሰው ዶቃ የለውም ማለት ነው። የአዳራሹ ሥልጠና ይህን ገልብጦታል። መጀመሪያ ሰርተፊኬት፣ ቀጥሎ ፎቶ፣ ልጆቹ ከተገኙ በኋላ ይመጣሉ። ካልተገኙም ሪፖርቱ አይጎድልበትም፤ «ይህን ያህል መሪ ሠልጥኗል» የሚለው መስመር ሞልቷል።

እዚህ ላይ አንድ መከራከሪያ ይነሣል፦ «ከምንም ይሻላል፤ ሦስት ቀን የሠለጠነ መምህር ካልሠለጠነው ይበልጣል።» አይበልጥም። ሌላው ቢቀር ለልጆቹ ደኅንነት ሲባል አይበልጥም። የአሜሪካው ቦይ ስካውትስ እ.ኤ.አ. በ2020 በፍርድ ቤት የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። በልጅነታችን በመሪዎች ወሲባዊ ጥቃት ደርሶብናል የሚሉ ከ82,000 በላይ ሰዎች ቀረቡ፤ ለካሣ የታቀደው ገንዘብ ከ2.4 ቢሊዮን ዶላር በለጠ። ያ ድርጅት ገንዘብ፣ ጠበቃ፣ መዝገብና የመቶ ዓመት ልምድ ነበረው። ልጅን ከቤቱ አውጥቶ ጫካ ውስጥ የሚያሳድር ማንኛውም ሥራ፣ መሪ የሚሆነውን ሰው ቀድሞ ማጣራት፣ አንድ ትልቅ ሰው ብቻውን ከአንድ ልጅ ጋር እንዳይሆን መከልከል፣ ልጁ ቢናገር የሚሰማው ከመሪው ሌላ ሰው መኖሩን ማረጋገጥ አለበት። በሦስት ቀን ሥልጠና ውስጥ የመክፈቻ ንግግሩ፣ የሻይ ዕረፍቱና የሰርተፊኬት አሰጣጡ ሲቀነስ ለዚህ ስንት ሰዓት ይተርፋል? ለወላጅ መንገር የሚገባው የመጀመሪያው ነገር የደንብ ልብሱ ዋጋ ሳይሆን ይህ ነው።

ደንብ ልብስ ከተነሣ፦ ሻርፑ ለጌጥ አልተሠራም። ሦስት ማዕዘን ሆኖ የተቆረጠው የተሰበረ ክንድ እንዲሸከም፣ ቁስል እንዲያስር ነው። ይህን ያልተማረ ልጅ አንገት ላይ የታሰረ ሻርፕ ለሰልፍ የተሰጠ ባንዲራ ነው፤ ሰልፉ ሲያልቅ ቁም ሣጥን ይገባል።

ሌላው መከራከሪያ ከወዲያኛው ጫፍ የሚመጣ ነው፦ ስካውት የፈረንጅ፣ የቅኝ ገዢ መኮንን ፈጠራ ነው፣ ለጉራጌ ልጅ ምኑ ነው? ባደን ፓወል የቅኝ ግዛት ጦር ሰው መሆኑ እውነት ነው፤ የሚደበቅም ነገር የለውም። የተቀበረው ግን ኬንያ ውስጥ ኒዬሪ ነው። ኬንያውያን ነጻ ሲወጡ ስካውቱን አልበተኑም፤ የራሳቸው አደረጉት። የአፍሪካ ስካውት ቢሮ ዛሬ ያለው ናይሮቢ ነው። የእግር ኳስም ሕግ እንግሊዝ ውስጥ ነው የተጻፈው፤ ቡታጅራ ሜዳ ላይ ለማን ነው ሲሉ የሚጠይቅ አልተገኘም።

ይልቅ የኢትዮጵያ ስካውት የቆየ በሽታ ሌላ ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1950 ተቋቋመ፣ በ1969 የዓለም ስካውት አባል ሆነ። ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ ንቅናቄው ተበተነ። የወጣቱን ቦታ መጀመሪያ የእድገት በኅብረት ዘመቻ፣ ቆይቶ አኢወማ ያዙት። በዙፋኑ ጥላ ሥር የበቀለ ዙፋኑ ሲወድቅ ፀሐይ መታው። አኢወማም በተራው ከደርግ ጋር ሄደ። ከላይ ወደ ታች የተደራጀ የወጣት ማኅበር ዕድሜው የአደራጁ ዕድሜ ነው፤ ይህን ለማወቅ ከሁለት መንግሥት በላይ ማየት አያስፈልግም። ዛሬም አንድ የዞን ኃላፊ ስካውትን ወድዶ ቢያቋቁመው፣ ኃላፊው የተዛወረ ዕለት ስካውቱም አብሮ ይዛወራል። ሕጉ ራሱ ከዚህ የተሻለ መንገድ ከፍቷል። 621/2001 የሚባለው አዋጅ ሲቪል ማኅበራትን አንቆ ይዞ ነበር፤ በ1113/2011 ተተክቷል። ማኅበር ከመምሪያ ጥላ ወጥቶ በራሱ እግር መቆም ይችላል።

«በምን ገንዘብ?» የሚለው ጥያቄ ከሌላ ቦታ ቢመጣ ይገባል። ከጉራጌ ሲመጣ ግን ግር ይላል። በ1950ዎቹ መንግሥት መንገድ እስኪሠራለት ሳይጠብቅ፣ አዲስ አበባ የሚነግደውና አገር ቤት የሚያርሰው አዋጥቶ የመንገድ ሥራ ድርጅት ያቋቋመ ሕዝብ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለውን በአስፋልትና በድልድይ ያሳየ ነው። ለመስቀልና ለአረፋ አገር ቤት የሚገባው ሰው በየዓመቱ ለትምህርት ቤት፣ ለቤተ እምነት፣ ለጤና ጣቢያ ያዋጣል። የስካውት ወጪ ከእነዚህ አንጻር ምንም አይደለም፤ ሸራ፣ ገመድ፣ ድስት፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን፣ ኮምፓስ፣ ለመሪው የመጓጓዣ አበል። ካምፕ መሥሪያ ቦታ አይከራዩም። ወልቂጤ የጊቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ ደጇ ላይ ነው። ቡታጅራ ዘቢዳር ተራራን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ሀረ ሸይጣን ሐይቅ ቅርቧ ነው፤ የጢያ ትክል ድንጋዮችም በመንገዷ ላይ ናቸው። በየመንደሩ ደግሞ ጀፎረ አለ። ያ ሰፊ አረንጓዴ ሜዳ ልጅ የሚሮጥበት፣ ሽማግሌ የሚሸንግበት፣ ለቅሶና ሠርግ የሚዋልበት ነው። ለሃያ ልጆች ከዚህ የተሻለ የሳምንት መሰብሰቢያ የለም። ወላጁም ከደጁ ሆኖ ያያል፤ ከላይ ለተነሣው የደኅንነት ጉዳይም ግማሽ መልስ ነው።

ትምህርት ቤቶቹ ውስጥ ስካውትን እንደ ክበብ ማቋቋም ይበቃል የሚሉም አሉ። ቀይ መስቀል፣ ሥነ ምግባር፣ አካባቢ ጥበቃ፣ ሚኒ ሚዲያ፤ በር ላይ ስም ያለው፣ ውስጡ ባዶ ወንበር የሆነ ክበብ መቼ አነሰና? መምህሩ ላይ ደመወዝ የማይጨምር አንድ ተጨማሪ ኃላፊነት መጫን ነው። ፈልጎ የመጣ መምህር ካለ መልካም፤ ተመድቦ የመጣ ግን የስም መዝገብ ይይዛል እንጂ ልጅ አይዝም።

ወደ ቁጥሩ እንመለስ ከተባለ፣ ትክክለኛ ቁጥር ምን እንደሚመስል ቡታጅራ ራሷ ታውቃለች። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉ አሥር ቀበሌዎች የሚካሄደው የገጠር ጤና ፕሮግራም የተወለደውን፣ የሞተውን፣ አገር የለቀቀውን ሲመዘግብ ኖሯል፤ በጤና ምርምር ዓለም የቡታጅራ ስም የሚታወቀው በዚህ ነው። ያ ቁጥር ዋጋ ያገኘው ትልቅ ስለሆነ አይደለም። መዝጋቢው ያንኑ ቤት ተመልሶ ስላንኳኳ ነው፤ ባለፈው ጊዜ እዚህ የነበረው ሰው ዛሬስ አለ ወይ ብሎ ስለጠየቀ ነው።

የወልቂጤና የቡታጅራ ስካውት አደራጆችም፣ ዞኖቹም፣ ማኅበሩም አባል ቁጥር ሊያወጡ ከሆነ በዚህ መንገድ ያውጡት። በመስከረም የተመዘገበው ልጅ በሰኔ አለ? ከሌለ ለምን ሄደ? ወደ አዲስ አበባ ለሥራ ወጣ፣ ቤተሰቡ ከለከለው፣ ወይስ መሪው ራሱ መምጣት አቆመ? ሥልጠና ወስዶ ሰርተፊኬት ከተቀበለው መሪ መካከል ከዓመት በኋላ ከልጆቹ ጋር ያለው ስንቱ ነው? በአንድ ቡድን ውስጥ የመስቃንና የማረቆ፣ የጉራጌና የቀቤና፣ የሙስሊምና የክርስቲያን ልጆች አብረው ያደሩበት ካምፕ ስንት ነው? ወንዶቹ ሲቆጠሩ ሴቶቹ ስንት ናቸው? የመጀመሪያው ዓመት መልስ ከሁለቱም ከተሞች ተደምሮ አርባ ልጅና አራት መሪ ቢሆን፣ ያ ባነር የማያስፈልገው ዜና ነው።