ትርፍ አንጀት፦ ቁስሉ እንዲያንስ ጉዞው ይፍጠን

በዚህ ወር የጤና ዓምዳችን የምናነሣው ብዙ ቤት በስም የሚያውቀውን፣ ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የሚታወቀውን የትርፍ አንጀት ሕመም ነው። ሆድን በሰፊው ሳይከፍቱ በትንንሽ ቀዳዳዎች ስለሚሠራው ላፓሮስኮፒ ስለሚባለው ቀዶ ሕክምናም እናወሳለን።

እስቲ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በጀሞ ኮንዶሚኒየም ያለ አንድ ቤት እናስብ። ወሩ ረመዷን ነው። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጅ ካፈጠረች በኋላ እምብርቷ አካባቢ ያማታል። እናት «በባዶ ሆድሽ ሳምቡሳ አብዝተሽ ነው» ይላሉ፤ አባት «ፌጦ ይበጥበጥላት» ይላሉ፤ አያት ደግሞ የወር አበባዋ ደርሶ ይሆናል ብለው ዝም ይላሉ። ሱሁር ሲደርስ ልጅቱ ምግብ ማየት አስጠልቷታል፤ አስመልሷታል፤ ሕመሙም ከእምብርቷ ተነሥቶ በስተቀኝ ወደ ታችኛው ሆዷ ወርዷል። በዚህ ሰዓት ቤተሰቡ ሁለት መንገድ አለው፤ «እስኪነጋ እንይ፣ ከነጋም እስከ ማታ እንይ» ማለት፣ አለዚያም ተነሥቶ ወደ ሐኪም መሄድ። የጽሑፋችን ፍሬ ነገር ይህች ውሳኔ ናት።

ትርፍ አንጀት ከትልቁ አንጀት መነሻ ላይ የተንጠለጠለ፣ በአማካይ 9 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ አንደኛው ጫፉ የተዘጋ ቀጭን ከረጢት ነው። ክፍት አፉ በደረቀ ዐይነ ምድር፣ በገዛ ግድግዳው እብጠት ወይም አልፎ አልፎ በወስፋት ሲደፈን በውስጡ ያለው ፈሳሽ መውጫ ያጣል። ከረጢቱ ያብጣል፤ ባክቴሪያዎች ይራባሉ፤ የደም ዝውውሩ ይታፈናል፤ በመጨረሻም ይበሳና መግሉ ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል። በማንኛውም ዕድሜ ሊመጣ ቢችልም ከ10 እስከ 30 ዓመት ባሉት ላይ ይበዛል። «በልቶ መሮጥ ያመጣዋል» የሚባለው ግን ማስረጃ የለውም።

ሕመሙን ከተራ የሆድ ቁርጠት የሚለየው አንዱ ነገር እንቅስቃሴ ሲያባብሰው መታየቱ ነው። በሽተኛው ሲያስል፣ ሲራመድ ወይም ከደረጃ ሲወርድ ቀኝ ጎኑን ይይዛል። እ.ኤ.አ በ2012 በእንግሊዝ አገር የወጣ አንድ ጥናት ለከተማችን ሰው የሚገባ ቁም ነገር ይዟል። ሕመማቸው በኋላ ትርፍ አንጀት መሆኑ ከተረጋገጠ 34 ሰዎች መካከል 33ቱ ወደ ሆስፒታል ሲመጡ መኪናው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሲነጥር ሕመማቸው እንደጨመረ ተናግረዋል። እንግዲህ ከጀሞ ወይም ከመካኒሳ በሚኒባስ ስትመጡ በየጉብታው የሚጮኽ ልጅ ካላችሁ «ይህ ልጅ አበዛው» አትበሉት፤ ለሐኪሙ ንገሩት። እርግጥ ይህ ብቻውን በሽታውን አያረጋግጥም፤ የሐኪም እጅ፣ የደም ምርመራና አልትራሳውንድ ያስፈልጋሉ።

ወደ ሕክምናው እንለፍ። ለብዙ ዘመን የነበረው መንገድ የሆዱን ታችኛ ቀኝ ክፍል ቀድዶ ከረጢቱን ማውጣት ነው። እ.ኤ.አ በ1980 ጀርመናዊው የማህፀን ሐኪም ኩርት ዜም በኪል ከተማ ትርፍ አንጀትን ለመጀመሪያ ጊዜ በላፓሮስኮፒ አወጣ። በጊዜው ከሙያ ባልደረቦቹ ብርቱ ነቀፋ ቢደርስበትም፣ ዘዴው ዛሬ በብዙ አገሮች የተለመደ ሆኗል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሽተኛው ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጠዋል። እምብርቱ አጠገብ በምትከፈት ትንሽ ቀዳዳ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ገብቶ ሆዱን ይነፋዋል፤ ይህም ለሐኪሙ መሥሪያ ቦታ ይፈጥራል። በዚያችው ቀዳዳ መብራት ያለው ቀጭን ካሜራ ይገባል፤ የሆድ ዕቃው በቴሌቪዥን መስኮት ላይ ይታያል። ከ5 እስከ 12 ሚሊ ሜትር በሚሆኑ ሌሎች ሁለት ቀዳዳዎች ረጃጅም መሣሪያዎች ይገባሉ። ሐኪሙ የከረጢቱን የደም ሥር ይዘጋል፤ ሥሩን አጥብቆ ያስርና ይቆርጠዋል፤ ቁስሉን እንዳይበክልም በትንሽ ከረጢት ከትቶ ያወጣዋል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። የቁስል ማመርቀዝ ይቀንሳል፤ ሕመሙ ይቀልላል፤ ሰውየው ቶሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ለሴት ልጆች ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ሕመሙ ከእንቁልጢ የመጣ እንደሆነ ካሜራው ያሳያል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በተረፈው ጋዝ ምክንያት ትከሻ ለአንድ ሁለት ቀን ሊያም ይችላል፤ ይህ አያስደነግጥ። ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም ወይም ከቁስሉ የሚወጣ መግል ከታየ ግን ሳይዘገዩ መመለስ ነው።

በአገራችን ላፓሮስኮፒ እንደ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ባሉ ትላልቅ ሆስፒታሎችና በአንዳንድ የግል ሆስፒታሎች ይሠራል። ሆኖም መሣሪያው ውድ ነው፤ የሠለጠነ ቡድንም ይፈልጋል። ስለዚህ አብዛኛው የትርፍ አንጀት ሕመምተኛ ዛሬም በተለመደው መንገድ ይታከማል። እዚህ ላይ ወላጆችን አደራ የምንለው ነገር አለ። «ጠባሳ እንዳይቀርባት በካሜራ የሚሠራ እንፈልግ» እያሉ ከሆስፒታል ሆስፒታል መንከራተት የልጅን ሕይወት አደጋ ላይ መጣል ነው። በጊዜ የተሠራ ክፍት ቀዶ ሕክምና ዘግይቶ ከተሠራ ላፓሮስኮፒ ይሻላል። ከተበሳ በኋላ ሥራው ይከብዳል፤ በካሜራ የተጀመረውም ወደ ክፍት ሊለወጥ ይችላል።

«በመድኃኒት ብቻ አይድንም ወይ?» የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ በ2020 በአሜሪካ 1,552 አዋቂዎችን የያዘ ጥናት ወጥቶ ነበር። በጸረ ባክቴሪያ ብቻ ከታከሙት መካከል ከ10 ሰዎች 7ቱ ያህል በ90 ቀን ውስጥ ቀዶ ሕክምና አላስፈለጋቸውም፤ 3ቱ ያህል ግን ተሠርተዋል። ይህም በሐኪም ክትትል ሥር እንጂ ከፋርማሲ ክኒን ገዝቶ ቤት በመተኛት አይደለም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሕመም ሲያጋጥም የሚያስቀምጥ መድኃኒት አትስጡ፤ ሆድ አታሹ፤ ፌጦም ሆነ ምግብ አታቅምሱ፤ ለማደንዘዣ ባዶ ሆድ ያስፈልጋልና። በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ፤ አምቡላንስ ካስፈለገ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው። ለታመመ ሰው ጾሙን አፍጥሮ በኋላ ቀዷ ማውጣት እንደተፈቀደለት እናስታውስ። ለእኅቶቻችንም ሴት ሐኪም ብትገኝ መልካም ነው፤ ካልተገኘች ግን እናት አጠገቧ ትቁም እንጂ በእፍረት ሌሊቱ አይለፍ።

ያቺ የጀሞ ልጅ በሱሁር ሰዓት ከቤት ከወጣች፣ በካሜራም ተሠራች በተለመደው፣ ለዒድ ከቤተሰቧ ጋር የመዋል ተስፋዋ ሰፊ ነው። እስከ ማታ ከተጠበቀች ግን ትንሿ ከረጢት ትልቅ ጣጣ ልታመጣ ትችላለች።

አላህ ለሁላችንም ዓፊያውን ይስጠን። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም!