ካሜራው የፍሬን መብራቱን ሽቦ አይንካ

ባለፈው ሐሙስ አመሻሽ ላይ ከአዶላ ወደ ሻኪሶ በሞተር ስመለስ ከፊቴ የነበረ ባለተሳቢ መኪና ድንገት ቆመ። የተሳቢው የፍሬን መብራት አልበራም። እግዚአብሔር ነው ያተረፈኝ።

ከሹፌሩ ጋር ወርደን ስናይ የኋላ ካሜራው ከፍሬን መብራቱ ሽቦ ላይ ተቀጥሏል። በናስትሮ የተጠቀለለው መገጣጠሚያ ውሃ ገብቶበት መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ሹፌሩ መብራቱ መጥፋቱን ጨርሶ አያውቅም።

ካሜራ መግጠሙን አልቃወምም። ልጆች መንገድ ላይ በሚጫወቱበት ከተማ የረዳት «ና፣ ና» ብቻውን አይበቃም። ጥያቄዬ ኃይሉን ከየት ነው የምንወስደው ነው። ብዙ የቆዩ ተሳቢዎች የኋላ ማርሽ መብራት የላቸውም። ባለ 7 እግሩ ሶኬትም መስመሩ ለፍሬን፣ ለፍሬቻና ለኋላ መብራት የተከፋፈለ ነው። ሹፌሩ ወደ ኋላ ሲሄድ ፍሬን ስለሚረግጥ ከዚያ መቀጠሉ ቀላል ይመስላል።

የቀጠለው ልጅ ያስተማርኩት ሆኖ ተገኘ። «ቲቸር፣ ካሜራዋ እኮ ምንም አትበላም» አለኝ። ልክ ነው። ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል እንኳ በ24 ቮልት ከ1 አምፒር በታች ነው የሚወስደው፣ ካሜራዋ ደግሞ ከዚያም ታንሳለች። ችግሩ ፍጆታው አይደለም፣ መገጣጠሚያው ነው። የተላጠ ሽቦ በእኛ ጭቃና አቧራ ይበላል። የካሜራዋ ገመድ ቢነካካ ደግሞ ፊውዙ ይቃጠልና ፍሬን መብራቱም አብሮ ይጠፋል።

መፍትሄው ከባድ አይደለም። ከጋቢና የራሱ ትንሽ ፊውዝ ያለው ለብቻው ገመድ ይዘርጋ። ኔጌቲቩም አብሮ ይምጣ፣ ከዛገ ሻንሲ ላይ አይታሰር። በሳቢውና በተሳቢው መሃል ውሃ የማያስገባ የራሱ ሶኬት ይኑረው። ካሜራው 24 ቮልት የሚችል ይሁን። ባለ 12 ቮልት ገዝታችሁ ከሁለቱ ባትሪ ካንዱ ብቻ አትውሰዱ፣ ባትሪዎቹ እኩል አይሞሉም፣ ቶሎ ይሞታሉ።

ልጁን ብቻ አልወቅስም። ባለንብረቱ ለካሜራው ከፍሎ ለገመዱ ይሰስታል፣ «ቶሎ ጨርስልኝ» ይላል። እኔም አለሁበት። ይሄ ልጅ የኦምን ሕግ ፈተና ላይ በትክክል ሰርቶልኛል። ፊውዝ ለምን እንደሚቀመጥ ግን አንድም ቀን በእጁ አስነክቼ አላሳየሁትም። ከዚህ በኋላ ባትሪ፣ አምፖልና ፊውዝ ይዤ ነው ክፍል የምገባው።

ሹፌሮች፣ ዛሬ ማታ ከመነሳታችሁ በፊት ረዳታችሁን ከኋላ አቁሙና ፍሬን ርገጡ። ግራም ቀኝም ካልበራ አትንቀሳቀሱ። ካሜራው ለእናንተ ያያል፣ ያ ቀይ መብራት ግን ከኋላ ለምንመጣው ነው።

ባለተሳቢ መኪና ያለው ዘመድ ወይም ጓደኛ ካላችሁ ሼር አድርጉለት።