ገበሬ ምን ያውቃል?

እኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች አንድ የማይለቀን አመል አለ። ፖለቲካ በተነሳ ቁጥር መድኃኒታችን «ቴክኖክራት» ነው። ዲግሪ ያለው፣ ዳታ የሚያነብ፣ በስሌት የሚወስን ሰው ወንበሩን ይያዝ፤ ገበሬና የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ እዚያ ምን ይሠራሉ እንላለን። እኔም ብዬዋለሁ። አሁን ግን አልልም። ሐሳቤን ያስቀየረኝ የአንድ አሜሪካዊ ገበሬ ታሪክ ነው።

ጆን ቴስተር የተወለደው በ1956 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ያደገው በሞንታና ግዛት፣ ቢግ ሳንዲ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ አያቶቹ ባቀኑት እርሻ ላይ ነው። በ9 ዓመቱ የሥጋ መፍጫ ማሽን የግራ እጁን ሦስት ጣቶች ወሰደበት። ሙዚቃ ተምሮ በ1978 ተመረቀ፤ እዚያው ቢግ ሳንዲ ተመልሶ ልጆችን ሙዚቃ አስተማረ። ከዚያ ማስተማሩን ትቶ እርሻውንና የቤተሰቡን ሥጋ ቤት ያዘ። ሲቪው እኛ ጋ ቢመጣ ኖሮ ገና በመጀመሪያው ዙር ነበር የምንጥለው።

በ1997 የሞንታና ምክር ቤት የኤሌክትሪክ ገበያውን ለውድድር የሚከፍት ሕግ አወጣ። ወረቀት ላይ ያምራል፤ ውድድር ይመጣል፣ ዋጋ ይወርዳል። ግን የሆነው ሌላ ነው። ሞንታና ፓወር የተባለው ነባር ኩባንያ ግድቦቹንና ማመንጫዎቹን ሸጦ የፋይበር ኦፕቲክ ቴሌኮም ውስጥ ገባ፤ ስሙንም ተች አሜሪካ አለ። በ2003 ከሰረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ርካሽ መብራት የለመደው ሕዝብ ሂሳቡ ሲወጣ ቁጭ ብሎ አየ። ያንን ዕቅድ የነደፉት መሃይሞች አልነበሩም እኮ። የተማሩ ናቸው፣ ማስላትም ያውቃሉ።

ቴስተርን ለግዛቱ ሴኔት እንዲወዳደር የገፋፋው ይሄው የመብራት ጉዳይ ነው። በ1998 ተመረጠ፣ በ2005 የሴኔቱ ፕሬዝዳንት ሆነ። በዚያው ዓመት መብራት አቅራቢዎች እስከ 2015 ድረስ 15 በመቶውን ኃይል ከታዳሽ ምንጭ እንዲያመጡ የሚያስገድደውን ሕግ አቀረበ።

እኔን የገረመኝ ግን የሥራው አደረጃጀት ነው። የሞንታና ምክር ቤት መደበኛ ጉባኤ በሁለት ዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ለ90 ቀን ብቻ ነው የሚቀመጠው። ሲያልቅ ሁሉም ወደ ቤቱ። በክረምት እጁን አውጥቶ ያጸደቀውን ሕግ፣ በጸደይ ሲዘራ እዚያው ማሳው ላይ ያገኘዋል። የመብራት ሂሳቡ ለሱም ይመጣል፤ ጎረቤቱም ሱቅ በር ላይ ይይዘዋል።

ይሄን እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ኮዱን የጻፈው ሰው ራሱ ተረኛ ሲሆን፣ ሌሊት 9 ሰዓት ሰርቨር ሲወድቅ የሱ ስልክ ሲጮኽ፣ ኮዱ በአንድ ወር ውስጥ ይሻሻላል። የሌላው ሰው ስልክ ከሆነ የሚጮኸው ግን ችግሩ ዓመት ይከርማል። አእምሮው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ማን ይቀሰቀሳል የሚለው ነው።

«እንግዲያው ገበሬ ስለሆነ ብቻ ይመረጥ ልትል ነው?» አይደለም። በምርጫ ማስታወቂያ ላይ ትራክተርም ይሸጣል፣ ባርኔጣም ይሸጣል። ቴስተር ራሱ በ2006 ለአሜሪካ ሴኔት ተመርጦ 18 ዓመት ዋሽንግተን ሠርቷል። እርሻውን አልተወም፤ ተቃዋሚዎቹ ግን የሎቢስት ገንዘብ ይወስዳል እያሉ ሲከሱት ኖሩ። በ2024 በቲም ሺሂ ተሸነፈ። ግዛቷ ወደ ሌላው ፓርቲ ስታጋድል እርሻው አላዳነውም፣ ሊያድነውም አይገባም ነበር። ጭቃ የነካው ቦት ጫማ እንደ ዲግሪው ሁሉ ለማንም ዋስትና አይሆንም።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ለሥልጣን የሚፈልግ ሰው ሲመጣ «ምን ተማርክ?» ብለን ጨረስን እንላለን፤ ገና መጀመራችን ነው። የሚቀጥለው ጥያቄ ይበልጣል፦ ያጸደቅከው ነገር የተበላሸ ቀን ሂሳቡ የሚመጣው ማን ቤት ነው? መልሱ «እኔ ቤት አይደለም» ከሆነ፣ ሦስት ዲግሪም ይኑረው፣ እኔ አልመርጠውም።